ትልቅ የኮምፒዩተር ሞኒተር ስለ መምረጥ፤ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ማሳሰቢያ

የንግድ ሥራ በመተማመን ላይ የተመሠረተ መሆኑ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ጨርቅ ሻጩ ሜትሩን፣ እህል ነጋዴው ሚዛኑን አስተካክሎ ሲገኝ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ መለኪያው የተዛባ እንደ ሆነ ግን ዕቃው ምንም ያማረ ቢሆን ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ዛሬ በየባንኩ፣ በየማተሚያ ቤቱ፣ በየሒሳብ ክፍሉና በየንግድ ቤቱ የሚፈለገው ትልቁ የኮምፒዩተር ሞኒተርም የራሱ መለኪያ ያለው ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚገዛውም የሚሸጠውም በኢንቹ ብዛትና በካርቶኑ ላይ በደማቅ ቀለም በታተመው ስም ብቻ ስለሆነ፣ ገዢና ሻጭ ሳይግባቡ ገንዘብ የሚባክንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። አንድ አስመጪ ለአንድ መሥሪያ ቤት 40 ሞኒተሮች ለማቅረብ ተዋዋለ እንበል። በትእዛዙ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቃል «32 ኢንች፣ 4ኬ፣ ኤችዲኤምአይ ያለው» የሚል ብቻ ነው። ዕቃው በሰላም ገባ፤ ቀረጡ ተከፈለ፤ ሞኒተሮቹም በየጠረጴዛው ላይ ቆሙ። ዳሩ ግን የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች መሰኪያቸው አሮጌው ኤችዲኤምአይ 1.4 ስለሆነ፣ ስክሪኑን በሙሉ ጥራቱ ሲያሳዩ ምስሉን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሱት። ማውሱ ሲንቀሳቀስ ይጎተታል፤ ጽሑፉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ይቆራረጣል፤ ሠራተኞቹም ሥራው አስቸገረን ብለው ያመለክታሉ። ሞኒተሩም ሆነ ኮምፒዩተሩ ምንም ብልሽት የለበትም፤ ስሕተቱ ያለው በትእዛዙ ወረቀት ላይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት የሚያስከትለውን ኪሳራ ለአስመጪዎቻችን መዘርዘር አያስፈልግም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በቅደም ተከተል እናቀርባለን። መጥኖ መደቆስ በቅድሚያ ነውና።

1ኛ/ ስለ ኢንች

የሞኒተር ኢንች የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው፤ ወርዱን ወይም ቁመቱን ለብቻ አይነግረንም። በተለመደው ቅርጽ፣ ማለት 16 ለ 9 በሚባለው የተሠራ ባለ 27 ኢንች ስክሪን ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለ 32 ኢንቹ ደግሞ ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እጅግ ሰፊ የሚባለው ባለ 34 ኢንች ስክሪን ግን ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢደርስም ቁመቱ ከ33 ሳንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ባለ 34 ኢንቹ ከባለ 27 ኢንቹ በቁመት የማይበልጥ መሆኑን ነው። ጠቅላላ ስፋቱን ስናሰላ ደግሞ ባለ 32 ኢንቹ 2,820 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለ 34 ኢንቹ 2,660 ያህል ነው። ስለዚህ 34 ከ32 ይበልጣል ብሎ የሚገዛ ደንበኛ ያገኘው ስክሪን በስፋት ያነሰ ነው ማለት ነው። ይህ ሲባል ግን እጅግ ሰፊው ስክሪን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የኒው ዮርክን የቡና ዋጋ፣ የራሱን የሒሳብ ሠንጠረዥና ከገዢው የመጣውን ደብዳቤ ጎን ለጎን ከፍቶ የሚሠራ ቡና ላኪ ወርዱ ይጠቅመዋል። የውል ገጾችንና ረጃጅም መዝገቦችን የሚያነብ ሰው ግን ቁመት ያለው ባለ 32 ኢንች ይሻለዋል።

የጠረጴዛውንም ጥልቀት መርሳት አይገባም። ከስክሪኑ ፊት አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ ያለው ገንዘብ ያዥ ትልቁን ስክሪን ዳር እስከ ዳር ለማየት አንገቱን ሲያዞር መዋሉ ነው። ወርዱ ሰፊ የሆነው ስክሪን ብዙ ጊዜ ጎበጥ ብሎ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። በካርቶኑ ላይ 1800አር የሚል ቢገኝ፣ ጉብጠቱ 1,800 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ካለው ክብ ላይ እንደ ተቆረጠ ያህል ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉብጠቱ ይበዛል።

2ኛ/ ስለ ፒክሰል ብዛት

የስክሪኑ ምስል የሚሠራው ፒክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። በተራው ስክሪን ላይ 1920 በ1080፣ ማለት ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይገኛሉ፤ በመካከለኛው 2560 በ1440፣ ማለት 3.7 ሚሊዮን ያህል፤ 4ኬ በሚባለው ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለት 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉ።

ሆኖም የነጥቦቹ ጠቅላላ ብዛት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያርፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ 24 ኢንቹ ተራ ስክሪን በአንድ ኢንች 92 ያህል ነጥቦች አሉት። ያው የነጥብ ብዛት በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል፤ ይኸውም ስክሪኑ አደገ እንጂ ጽሑፉ አልጠራም ማለት ነው። በ27 ኢንች ላይ 2560 በ1440 ሲሆን 109 ያህል፣ በ32 ኢንች ላይ 4ኬ ሲሆን 138 ያህል፣ በ27 ኢንች ላይ 4ኬ ሲሆን ደግሞ 163 ያህል ነጥቦች በአንድ ኢንች ይገኛሉ።

ይህ ጉዳይ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከማንም ይልቅ ያሳስባል። ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው፤ ሀ ከሁ የሚለየውም በጎኑ ባለች ትንሽ ቅጥል ነው። ነጥቦቹ የሳሱ እንደ ሆነ እነዚህ ምልክቶች ከፊደሉ አካል ጋር ተዋሕደው ይጠፋሉ። የላቲን ፊደል በትንሽ መጠን በደህና በሚነበብበት ስክሪን ላይ የግእዝ ፊደል ሊደበዝዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለማተሚያ ቤት፣ ለጠበቃ ቢሮ፣ ለጸሐፊዎችና ለመዝገብ ክፍል የሚሸጥ ትልቅ ሞኒተር በአንድ ኢንች ከ100 ነጥብ በታች ባይሆን ይመረጣል። ነጥቡ ሲበዛ ጽሑፉ በጣም ካነሰ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው የማጉያ ማስተካከያ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የሳሳውን ነጥብ ግን በምንም ማስተካከያ ማብዛት አይቻልም።

3ኛ/ ስለ ስክሪኑ ዓይነትና ስለ ብርሃኑ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነቶች ናቸው። አይፒኤስ የሚባለው ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙ ስለማይለወጥ፣ ሁለትና ሦስት ሰዎች አብረው ለሚያዩት ሥራና ለቀለም ሥራ ተስማሚ ነው፤ ጥቁሩ ግን ወደ ግራጫ ያደላል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ የጠለቀ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይለወጣል። ኦሌድ የሚባለው እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ በጥቁርና በቀለም አቻ የለውም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ምስል ከጧት እስከ ማታ ሳይለወጥ የሚቆምበት ከሆነ፣ ለምሳሌ በገንዘብ መቀበያ መስኮት ላይ፣ ከጊዜ በኋላ የምስሉ አሻራ በስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኦሌድ የሚያስመጣ ነጋዴ የፋብሪካው ዋስትና ይህን ጉዳት ይሸፍን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ኤችዲአር የሚለው ቃል በብዙ ካርቶኖች ላይ ይታያል። ቃሉ ብቻውን የሚያረጋግጠው ሞኒተሩ ይህን ዓይነት ምስል መቀበሉን ነው፤ አድምቆና አጥርቶ ማሳየት መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ዲስፕሌይ ኤችዲአር የሚባል ደረጃ አውጥቶ 400፣ 600 እና 1000 በሚል ቁጥር ለይቷል። ቁጥሩ ስክሪኑ ሊደርስበት የሚገባውን ከፍተኛ ብርሃን በኒት የሚናገር ነው። እንግዲህ ቁጥርና የማኅበሩ ምልክት የሌለበትን «ኤችዲአር» እንደ ጌጥ ቆጥሮ ማለፍ ይሻላል። ለሒሳብና ለጽሑፍ ሥራ ከሆነ ይህ ባሕርይ ባይኖርም የሚጎድል ነገር የለም።

4ኛ/ ስለ መሰኪያዎችና ስለ ኬብሎች

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴዎቻችን ትኩረት እንዲሰጡበት የምንለምነው ይህን ክፍል ነው፤ በመጀመሪያ ያቀረብነው ምሳሌ የተበላሸውም በዚሁ ነውና።

መሰኪያና ኬብል እንደ ውሃ ቧንቧ ናቸው። የ4ኬ ምስል በሴኮንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ከተፈለገ፣ በተለመደው የቀለም መጠን የምስሉ ነጥቦች ብቻ በሴኮንድ 12 ጊጋቢት ያህል መረጃ ይሆናሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጠቅላላ አቅሙ 10.2 ጊጋቢት ስለሆነ ይህን አይችልም፤ ስለዚህ ወደ 30 ዝቅ ይላል። በ2013 የወጣው 2.0 አቅሙ 18 ጊጋቢት ስለሆነ ይችላል። በ2017 የወጣው 2.1 ደግሞ እስከ 48 ጊጋቢት ይደርሳል። ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው በኩል 1.2 የሚለው 4ኬን በ60 ሄርዝ ያሳልፋል፤ በ2016 የወጣው 1.4 እስከ 32.4 ጊጋቢት፣ 2.1 የሚለው ደግሞ እስከ 80 ጊጋቢት ይደርሳል። እነዚህ መሰኪያዎች በየወገናቸው መልካቸው አንድ ስለሆነ ዓይን ሊለያቸው አይችልም፤ መለየት የሚቻለው በወረቀቱ ብቻ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የኤችዲኤምአይን ፈቃድ የሚሰጠው አካል በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጠው፣ በ2.1 ውስጥ የተጨመሩት አዳዲስ ባሕርያት በአምራቹ ፈቃድ የሚገቡ እንጂ ግዴታ አይደሉም። ስለዚህ ሥራው ከ2.0 የማይበልጥ ሞኒተር «ኤችዲኤምአይ 2.1» ተብሎ ቢሸጥ ደንቡን አልጣሰም። እንግዲህ የመሰኪያውን ስም መጠየቅ አይበቃም፤ «በዚህ መሰኪያ በኩል 4ኬ በስንት ሄርዝ ያሳያል? አቅሙስ ስንት ጊጋቢት ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ኬብሉም እንደዚሁ ነው። ዋጋው ያነሰ ኬብል ትልቁን ሞኒተር ያሳንሰዋል። እስከ 18 ጊጋቢት የተፈተነው የኤችዲኤምአይ ኬብል «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ»፣ እስከ 48 ጊጋቢት የተፈተነው «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል ምልክት አለው፤ በማሸጊያው ላይ የተለጠፈውንም ምልክት በስልክ አንብቦ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ይቻላል። ባለ ሱቁ ከሞኒተሩ ጋር የመጣውን ኬብል ለደንበኛው እንዲያስረክብ፣ የጎደለ እንደ ሆነም በአቻው እንዲተካ እናሳስባለን።

አሮጌው ባለ 15 እግር ሰማያዊ መሰኪያ፣ ቪጂኤ የሚባለው፣ በአብዛኞቹ አዳዲስ ትልልቅ ሞኒተሮች ላይ የለም። ደንበኛው ያለው ኮምፒዩተር ከዚህ ሌላ መውጫ ከሌለው መለዋወጫ መሣሪያ መግዛት ግድ ይሆንበታል፤ በዚህም መንገድ የ4ኬን ጥራት አያገኝም። ይህን ሳይነግሩ መሸጥ ሳምንት ሳይሞላ ዕቃውን መልሶ መቀበል ነው።

5ኛ/ ስለ ዩኤስቢ ሲ

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ትንሽ መሰኪያ በአንድ ኬብል ምስሉን ወደ ሞኒተሩ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ላፕቶፑ፣ የኪቦርዱንና የማውሱን መረጃ ደግሞ በሁለቱም በኩል የሚያመላልስ ስለሆነ፣ ላፕቶፑን ጧት ሰክቶ ማታ ነቅሎ ለሚሄድ ነጋዴ እጅግ የሚመች ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮች መጣራት አለባቸው።

ሀ) ሁሉም የላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም። መረጃ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ወይም ለቻርጅ ብቻ የሚያገለግልም አለ። ምስል የሚያወጣው ዲስፕሌይ ፖርት አማራጭ ወይም ተንደርቦልት ያለው ነው።

ለ) ሞኒተሩ ለላፕቶፑ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ በዋት መታወቅ አለበት። 15 ዋት ብቻ የሚሰጥ ሞኒተር የሥራ ላፕቶፕን አይመግብም። የላፕቶፑ ቻርጀር 65 ዋት ከሆነ ሞኒተሩም ከዚያ ባያንስ ይመረጣል። ኬብሉም ቢሆን እስከ 60 ዋት ብቻ የሚሸከምና እስከ 240 ዋት የሚሸከም አለ።

ሐ) በአንዱ ኬብል ውስጥ ያለውን መንገድ ምስልና መረጃ ይከፋፈሉታል። ስለዚህ አንዳንዱ ሞኒተር ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ያስገድዳል፤ ወይ ሙሉ የምስል ጥራት፣ ወይ ፈጣን የመረጃ መመላለስ። ከሞኒተሩ ጋር ትልልቅ ፋይል የሚገለበጥበት ዕቃ የሚያያይዝ ደንበኛ ይህ ሊነገረው ይገባል።

6ኛ/ «ቴሌቪዥን ብገዛስ?» ስለሚለው ጥያቄ

ብዙ ደንበኞች ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በረከሰ ዋጋ እያለ ሞኒተር ለምን እንገዛለን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለ 43 ኢንች 4ኬ በአንድ ኢንች 102 ያህል ነጥቦች ስላሉት በዚህ በኩል አይነቀፍም። ልዩነቱ ግን አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የቀለሙን መረጃ በሙሉ ስለማይቀበሉ፣ በቀይ ወይም በሰማያዊ የተጻፈ ትንሽ ፊደል ዳርዳሩ ይደበዝዛል። ከፍና ዝቅ የሚል መቆሚያ የለውም፤ በዩኤስቢ ሲ በኩል ላፕቶፕ የሚመግበውም አይገኝም ለማለት ይቻላል።

ለአስመጪው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ መሠረት፣ ከኮምፒዩተር ጋር በቀጥታ እንዲገናኝና በዚያም እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ሞኒተር በቁጥር 8528.52 ሲመደብ፣ የቴሌቪዥን ሥርጭት መቀበያ ያለው ባለ ቀለም ስክሪን በ8528.72 ይመደባል። ስለዚህ መቀበያ ያለውን ዕቃ «ሞኒተር» ብሎ ማዘዝ በጉምሩክ በኩል ክርክር ሊያስነሣ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

7ኛ/ በፕሮፎርማው ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው

አስመጪው ከሻጩ የሚቀበለው ፕሮፎርማ፣ ኋላም በባንክ የሚከፈተው የመተማመኛ ሰነድ፣ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ከነመጨረሻ ፊደሎቹ መያዝ አለበት፤ አንድ ፊደል የሚለያያቸው ሁለት ሞዴሎች መሰኪያቸው ሊለያይ ይችላልና። ከዚህም ሌላ የሚከተሉት ቢጻፉ ኋላ ለክርክር በር አይከፈትም።

ሀ) ኢንቹ፣ ቅርጹና የፒክሰሉ ብዛት፤
ለ) የስክሪኑ ዓይነትና ብርሃኑ በኒት፤
ሐ) እያንዳንዱ መሰኪያ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በእርሱም በኩል የሚገኘው ከፍተኛ ጥራትና ሄርዝ፤
መ) ዩኤስቢ ሲ ካለው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ በዋት፤
ሠ) ከካርቶኑ ውስጥ የሚገኙት ኬብሎች ዓይነትና ርዝመት፤
ረ) የኤሌክትሪኩ መቀበያ ለአገራችን 220 ቮልትና 50 ሄርዝ የሚስማማ፣ ሶኬቱም በአገራችን የሚሠራበት መሆኑ፤
ሰ) መቆሚያው ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑ፣ ለግድግዳም የሚሆኑ ቀዳዳዎች ስፋት፤
ሸ) የሞቱ ነጥቦች የሚፈቀዱበት ወሰን።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። አይሶ 9241-307 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ስክሪኖችን በክፍል መድቦ፣ ብልሽት ያለባቸው ስንት ነጥቦች እንደሚፈቀዱ ይወስናል። ቁጥሩ የሚሰጠው ግን በየአንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ 4ኬ ስክሪን ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ስላለው የሚፈቀደውም በዚያው ልክ ይበዛል። ክፍሉ ሳይጻፍ ዕቃው ከገባ፣ በደንበኛው ዘንድ ብልሽት የሆነው ነገር በፋብሪካው ዘንድ የተፈቀደ ሆኖ ይገኝና ኪሳራው በአስመጪው ላይ ይወድቃል።

ስለ ማጓጓዙም አንድ ቃል እንጨምራለን። ትልቅ ሞኒተር ቀጭን ብርጭቆ ስለሆነ ካርቶኑ በቀስቱ ምልክት መሠረት ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መጫን የለበትም። ከጂቡቲ ወደብ እስከ መጋዘን ባለው ረጅም መንገድ፣ የተጋደመ ካርቶን ላይ ሌላ ሸክም ተደራርቦ ከመጣ ስክሪኑ ከውጭ ሳይታወቅ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዕቃው ሲራገፍም ከየክምሩ ጥቂቱን ከፍቶ፣ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ መመርመር ነው።

8ኛ/ ለባለ ሱቁ የሚሆን ምክር

ባለ ሱቁ ከመሸጡ በፊት ደንበኛውን ሦስት ጥያቄ ቢጠይቀው ይበቃል። ለምን ሥራ ይፈልጉታል? ያለዎት ኮምፒዩተር ምን ዓይነት ነው፣ መሰኪያውስ? የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጥልቀቱ ስንት ነው? ደንበኛው የመሰኪያውን ስም ካላወቀ የኮምፒዩተሩን ጀርባ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሞዴሉንም ጽፎ እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል። ከተቻለም ላፕቶፑን ይዞ እንዲመጣ ጋብዞ፣ በራሱ ላፕቶፕ ላይ አንድ የአማርኛ ገጽ በትንሽ ፊደል ከፍቶ በሁለት ስክሪኖች ላይ ቢያሳየው፣ ከብዙ ንግግር ይልቅ ዓይኑ ራሱ ይፈርዳል። በደረሰኙም ላይ የሞዴሉን ቁጥርና የዋስትናውን ዘመን ማስፈር ይገባል።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ባለ ሱቅ አንዳንድ ጊዜ የረከሰውን ሞኒተር ለመሸጥ ሊገደድ ይችላል። ኮምፒዩተሩ 4ኬን በ60 ሄርዝ የማያወጣለት ደንበኛ ባለ 27 ኢንች 2560 በ1440 ቢገዛ ይሻለዋልና። የዚያን ቀን ትርፉ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ያ ደንበኛ ኮምፒዩተሩን በሚቀይርበት ጊዜ፣ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ዐሥርና ሃያ ሞኒተር በሚያዝበት ጊዜ፣ እውነቱን የነገረውን ሱቅ አይረሳም።

ኢንቹን ማንም በሜትር ሊለካው ይችላል። የነጥቡን ብዛትና የመሰኪያውን አቅም ግን ደንበኛው የሚያውቀው ነጋዴው ሲነግረው ነው። ስለሆነም አስመጪዎቻችን በፕሮፎርማው ላይ፣ ባለ ሱቆቻችንም በደረሰኙ ላይ፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ልኩን እንዲጽፉ በአክብሮት እናሳስባለን።